የፋሲካው በግ የራስ ቅል ለ58 ተማሪ እንዴት ይዳረስ? (ስካን፣ ስሪዲ ህትመት፣ ጄሶ)

ቀበና_ባዮ
ሚያዝያ 21፣ ማታ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። አራት ኪሎ አካባቢ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። አንዱ ክፍሌ ውስጥ 58 ልጆች አሉ። ስለ አጥቢ እንስሳት ጥርስና የራስ ቅል ስደርስ በእጄ ያለው የመጽሐፉ ሥዕልና አንድ የተሰነጠቀ የውሻ ቅል ነው። ቅሉ ከፊት ወንበር ተነስቶ ኋላ ሳይደርስ ደወል ይደወላል።

ዘንድሮ የፋሲካውን በግ ጭንቅላት አላስጣልኩም። በለስላሳ እሳት ቀቅዬ፣ ሥጋውን በቀስታ ለቅሜ፣ በሳሙና ውኃ ዘፈዘፍኩት። ከዚያ ከፋርማሲ በገዛሁት 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አነጣሁት። የገናውን ግን አበላሽቼዋለሁ። ቶሎ ይንጣልኝ ብዬ በረኪና ውስጥ አሳደርኩት። በረኪና የአጥንቱን ፕሮቲን ይበላል። ጠዋት ሳነሳው የአፍንጫው አጥንት እንደ ድርቆሽ ተፈረካከሰ። ማንም እንዳይደግመው ነው የምጽፈው።

አሁን ያለኝ ቅል ደህና ነው። ከታችኛው የፊት ጥርሶች ሁለቱ ሲቀቀል ወልቀው ነበር፤ በኮላ መልሻቸዋለሁ። ጥያቄዬ ይኸው፦ ይህን አንድ ቅል ስካን አድርጌ ለልጆቹ ሁሉ የሚዳረስ ሞዴል መሥራት ይቻላል? ያለኝ አንድ ስልክና ባለ 8 ጂቢ ላፕቶፕ ነው። ከወመህ (ከወላጅ መምህር ኅብረት) ትንሽ ገንዘብ ይገኛል፤ ብዙ ግን አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ከልጆቼ አንዱ ዓይነ ስውር ነው። ሰሌዳው ላይ ሥዕል ስሰቅል እሱ ጋ የሚደርሰው የእኔ ድምፅ ብቻ ነው። ዋናው ምክንያቴ እሱ ነው።

ሦስት_ልኬት
ሚያዝያ 21፣ ማታ 3፡25

መምህርት፣ ስልክዎ ይበቃል። ስካነር መከራየት አያስፈልግም። ዘዴው ፎቶግራሜትሪ ይባላል። ብዙ ፎቶ ያነሳሉ፤ ሶፍትዌሩ በፎቶዎቹ ላይ አንድ ዓይነት ነጥቦችን ፈልጎ እያንዳንዱ ፎቶ ከየት እንደተነሳ ያሰላል፤ ከዚያ ቅርጹን ያወጣል። አጥንት ደግሞ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። አያብረቀርቅም፣ ገጹ ላይ ጥቃቅን ምልክት ሞልቷል። አስቸጋሪው ጥርሱ ነው። ጥርስ ያብለጨልጫል፤ ብርሃን የሚመልስ ነገር ደግሞ ሶፍትዌሩን ያሳስተዋል። የሕፃን ፓውደር በለስላሳ ብሩሽ ይንኩበት።

ደመናማ ቀን ይምረጡ። አሁን በልግ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ጥሩ ነው። ቅሉን በርጩማ ላይ ያስቀምጡና እርስዎ ይዙሩ፤ ቅሉ አይንቀሳቀስ። ከሥሩ ጋዜጣ ያንጥፉ፤ ፊደሎቹ ለሶፍትዌሩ ምልክት ይሆኑታል። አንድ ዙር ከላይ፣ አንድ ከመሐል፣ አንድ ከታች። እያንዳንዱ ፎቶ ከቀጣዩ ጋር ሁለት ሦስተኛው ይደራረብ። ከዚያ ቅሉን ይገልብጡና እንደገና ሦስት ዙር። 150 ፎቶ ገደማ ይሆናል። መንጋጋውን ለብቻው ያንሱት።

ማስመሪያ ከጎኑ ማስቀመጥ አይርሱ። ፎቶ መጠን አያውቅም። ለሶፍትዌሩ የበግ ቅልና የዝሆን ቅል አንድ ናቸው።

ሜሽሩም የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ። ሙሉ ሥራውን ለመሥራት ግን የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒውተር ይፈልጋል። እኔ አምስት ኪሎ ተማሪ ነኝ፤ ኮምፒውተር አለኝ። ፎቶዎቹን በፍላሽ ያምጡልኝ።

ራጅ_ክፍል
ሚያዝያ 22፣ ጠዋት 1፡10

ካሜራ የሚያየው ገጽን ብቻ መሆኑን መምህርት ልብ ይበሉ። የበግ አፍንጫ ውስጥ እንደ ወረቀት የሳሳ የተጠቀለለ አጥንት አለ። የአንጎሉ ክፍት ቦታ አለ። እነዚህ በፎቶ አይገኙም።

ውስጥን የሚያሳየው ሲቲ ስካን (በራጅ ቁራጭ በቁራጭ የሚያነሳ ማሽን) ነው። ድንቅነሽ (ሉሲ) እ.ኤ.አ. በ2008 ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በሲቲ ስትነሳ ሥራው 10 ቀን ፈጅቷል። ከ35,000 በላይ ቁራጭ ምስል ነው የወጣው። ያ ማሽን ለድንጋይና ለቅሪተ አካል የተሠራ ነው። የእኛ የሆስፒታል ሲቲ ለሰው ነው፤ ቁራጮቹም ከዚያ ይወፍራሉ። ወረፋ የሚጠብቅ ሕመምተኛ እያለ የበግ ቅል ላስገባ አልችልም። ማንም ቢጠይቀኝ መልሴ ይኸው ነው።

ግን ሌላ መንገድ አለ። ሌላ ቅል ካገኙ በብረት መጋዝ መሐል ለመሐል ሰንጥቀው ውስጡን ያሳዩ። ከሲቲ ባልተናነሰ ያስተምራል።

ሽሮሜዳ_12
ሚያዝያ 22፣ ቀን 7፡05

ብሔራዊ ሙዚየም እዚያው አፍንጫችሁ ሥር አይደል? ለምን ድንቅነሽን ራሷን በስልክ ስካን አታደርጓትም? ከበግ ቅል ይልቅ ልጆቹ በእሷ ይደሰታሉ።

ጥንተ_አጥንት
ሚያዝያ 22፣ ማታ 1፡50

ወንድሜ፣ ሐሳብህ ከመልካም ልብ እንደመጣ ይገባኛል። ሙዚየሙ ውስጥ በመስታወት የምናያት ግን ቅጂዋን ነው። ዋናው አጥንት በካዝና ነው የሚቀመጠው። በመስታወት ማንሳትም አይሳካም፤ ነጸብራቁ ሁሉን ያበላሸዋል። ከዚያ በላይ ደግሞ ፈቃድ የሚባል ነገር አለ። ቅሪተ አካል በአዋጅ 209/1992 የሚጠበቅ ቅርስ ነው። ሜዳ ላይ ያገኘ ሰው እንኳ ማንሳት የለበትም፤ ያሳውቃል እንጂ።

ደስ የሚለው ግን እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ብሔራዊ ሙዚየም ፈቅዶ የድንቅነሽ የትከሻና የጉልበት አጥንቶች ፋይል ለሕዝብ ተለቋል። ኢሉሲ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ተቀምጦ ነበር። እኔ ጉልበቷን አትሜ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጫለሁ። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያለው ጉልበት መዳፌ ውስጥ ሲገባ የተሰማኝን እስካሁን አልረሳሁትም። ትንሽ ናት። የልጅ ጉልበት ነው የሚመስለው።

አርዲም (ሌላዋ የጥንት ሰው መሰል ቅሪተ አካል) አለች። 4.4 ሚሊዮን ዓመት ያላት። ቅሏ ተጨፍልቆና ተሰባብሮ ነው የተገኘው። አጥንቱ ከመሳሳቱ የተነሳ ስባሪዎቹን በእጅ መገጣጠም አደገኛ ነበር። በማይክሮ ሲቲ ተነስተው በኮምፒውተር ተገጣጠሙ። እና መምህርት እየሠሩት ያለው ሥራ ከዚህ ሩቅ አይደለም። መሣሪያው ነው የሚለየው።

በበጉ ይጀምሩ። የበግ ቅል ላይ ህብለ ሰረሰር የሚያልፍበት ቀዳዳ ከኋላ ነው። የሰው ከሥር ነው። ይህን ብቻ በጣታቸው ቢያገኙት ቀጥ ብሎ መሄድ ማለት ምን እንደሆነ ግማሹ ገባቸው ማለት ነው።

አናጢው_ፒያሳ
ሚያዝያ 23፣ ማታ 4፡00

እኔ ደግሞ በሌዘር ልምጣ። ፒያሳ የማስታወቂያ ሥራ ቤት ውስጥ ሌዘርና ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚታዘዝ መቁረጫ) ላይ ነው የምውለው።

ስሪዲ ፕሪንተር ቀርፋፋ ነው። ፊላመንቱም (የሚያትምበት የፕላስቲክ ክር) ከውጭ ስለሚመጣ ዶላር በጨመረ ቁጥር ይጨምራል። ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ የተጨመቀ ጣውላ) ግን ሰፈር ውስጥ አለ። ሞዴሉን በኮምፒውተር እንደ ዳቦ በ3 ሚሊ ውፍረት ትቆርጪዋለሽ። እያንዳንዱን ቁራጭ ሌዘሩ ከ3 ሚሊ ኤምዲኤፍ ላይ ያወጣዋል። ከዚያ ደርድሮ በኮላ ማጣበቅ ነው። ሁሉም ቁራጭ ላይ በአንድ ቦታ ሁለት ቀዳዳ ይደረግ፤ ክብ እንጨት ሲገባባቸው አይንሸራተቱም። ቁጥሩን ሌዘሩ ራሱ ይጻፈው። አንድ ጊዜ ቁጥር ሳንጽፍ 40 ቁራጭ ከሳጥን ተደፍቶብን ግማሽ ቀን ጠፍቷል።

ጨረሩ ራሱ ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊ ይበላል። ለዚህ ሥራ ምንም አይደለም፤ ክብ እንጨቱ የሚገባበት ቀዳዳ ግን ይላላል። ስለዚህ ቀዳዳውን ትንሽ አጥብበሽ ሣዪው።

አንድ ነገር አደራ። እኛ ቤት ለማስታወቂያ የምንጠቀምበት ነጭ የፒቪሲ ፎም አለ። ቀላልና የሚያምር ነው፤ ሰው "በሱ ቁረጡልኝ" ይላል። ፒቪሲ በሌዘር አይቆረጥም! የሚወጣው ጭስ ክሎሪን ያለበት አሲድ ነው። ሳንባ ይጎዳል፣ ማሽኑን ያዝገዋል። ማንም ቤት "ችግር የለውም" ቢልሽ ዕቃሽን ይዘሽ ውጪ። የኤምዲኤፍ ጭስም ጤና አይደለም፤ ማራገቢያ የሌለው ቤት አታሠሪ።

ዋጋ ስትጠይቂ በደቂቃ ነው ወይስ በሉህ ብለሽ ጠይቂ። ልዩነቱ ብዙ ነው።

ዓይነ_ልቡና
ሚያዝያ 24፣ ጠዋት 3፡30

ልጄ፣ ስለ ተማሪሽ ስላሰብሽ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ ማየት የተሳነኝ በልጅነቴ ነው። ጡረታ እስክወጣ አስተማሪ ነበርኩ። ይህን የምጽፈው በስልኬ የንግግር ሶፍትዌር ነው።

እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ ስለ እንስሳት ብዙ ተምሬያለሁ። ፈተናም አልፌያለሁ። ግን ቃሉን ነበር የማውቀው። የግመልን አንገት ለመጀመሪያ ጊዜ የነካሁት ትልቅ ሰው ሆኜ ነው። ለካ ሳስተምር የኖርኩት ያልገባኝን ነበር።

ስለ ሌዘሩ አንድ ነገር ልበል። የተደረደረ እንጨት ደረጃ አለው። ዓይን ደረጃውን አልፎ ቅርጹን ያያል። ጣት ግን አያልፍም፤ እያንዳንዱን ደረጃ እንደ አጥንቱ ክፍል ያነበዋል። ልጁ "በግ ፊቱ ላይ መስመር መስመር አለው" ብሎ ይዞት ይቀራል። ስለዚህ ካልተሞረደና ካልለሰለሰ ለእሱ አትስጪው።

መጠኑንም አስቢበት። ብሬይል ላይ ነጥብ ከነጥብ 2.5 ሚሊ ገደማ ይራራቃል፤ ከፍታው ግማሽ ሚሊ ነው። ይህ ዝም ብሎ የተመረጠ አይደለም፤ የጣት ጫፍ የሚችለው ስለሆነ ነው። ከዚያ ያነሰ ነገር በሞዴሉ ላይ ካለ ልጁ በደንብ ላይለየው ይችላል። አንዱን ክፍል እጥፍ አድርጋችሁ ብትሠሩለት ጥሩ ነው።

ሦስት_ልኬት
ሚያዝያ 24፣ ማታ 2፡15

ጋሼ፣ ይህን አላሰብኩትም ነበር። አመሰግናለሁ።

አናጢው እንዳለው ፊላመንት ውድ ነው፤ ግን አንድ ብቻ ነው የምናትመው። መጠኑንና ጠርዙን ብሌንደር በሚባለው የስሪዲ ሶፍትዌር ማስተካከል ይቻላል። የአጥንቶቹን ስፌትም (አጥንት ከአጥንት የሚገጥምበትን መስመር) ጠለቅ አድርጌ ልቀርጸው እችላለሁ። በእውነተኛው ቅል ላይ ስፌቱ የፀጉር ያህል ነው፤ በፎቶም በደንብ አይወጣም። 1 ሚሊ ባደርገው ጣት ያገኘዋል።

ጥንተ_አጥንት
ሚያዝያ 24፣ ማታ 3፡40

እዚህ ላይ አልስማማም። ስካን ካደረግን በኋላ የምንፈልገውን መቅረጽ ከጀመርን ስካኑ ምን አስፈለገ? ከሸክላ አፈር መሥራት እንችል ነበር። ልጁ የሚነካው 1 ሚሊ ስፌት በየትኛውም በግ ላይ የለም። ለሚያይ ልጅ ሥዕል ሲጋነን ከሥሩ ያነበዋል፣ ከእውነተኛው ጋር ያስተያየዋል። የማያየው በምን ያጣራል?

ዓይነ_ልቡና
ሚያዝያ 25፣ ጠዋት 2፡20

ሁለታችሁም እውነት አላችሁ፤ መፍትሔውም ቀላል ነው። ሁለት ይሠራ። አንዱ እንደ ስካኑ ይሁን፤ አይነካካ። ሌላው ይጋነን፤ ግን መጋነኑ በብሬይል ተጽፎበት፣ መምህርቷም በቃል ትንገረው። ከሁሉ በፊት ግን ዋናው ቅል እጁ ላይ ይግባ። ሞዴሉ ዋናውን ይረዳል እንጂ አይተካውም። እኔ ብሆን ሞዴሉ ላይ የተማርኩትን ዋናው ላይ ስፈልገው ነው ደስ የሚለኝ።

ጄሶ_እጅ
ሚያዝያ 26፣ ማታ 1፡05

ቅርጻ ቅርጽ ተምሬ አሁን የጣሪያ ጄሶ ሥራ ላይ ነኝ። 58 ጊዜ ማተም የሚባል ነገር እርሱት። አንድ ጥሩ አትሙ፤ የቀረውን በጄሶ እናባዛዋለን። ጄሶ ርካሽ ነው፣ ሩብ ሰዓት ገደማ ውስጥ ይጠጥራል።

ሙሉ ቅል ለቅርጽ (ጄሶው ለሚፈስበት የሲሊኮን ማውጫ) አስቸጋሪ ነው። የዓይን ጉድጓዱ፣ ከጉንጩ ሥር ያለው ድልድይ፣ ሁሉም ሲሊኮኑን ቆልፈው ይይዙታል። ስለዚህ ሞዴሉ በኮምፒውተር መሐል ለመሐል ተሰንጥቆ በሁለት ይታተም። ጀርባው ጠፍጣፋ ከሆነ አንድ ክፍል ቅርጽ ይበቃል፤ ከላይ ማፍሰስ ብቻ ነው። ለፕሪንተሩም ይቀለዋል፤ በጠፍጣፋው በኩል ስለሚተኛ ድጋፍ አያበዛም።

ሲሊኮኑ ውድ ከሆነብሽ እህቴ፣ የመስኮት ሲሊኮን ከበቆሎ ስታርች ጋር አቡኪው። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተውን ዓይነት ግዢ። ቶሎ ይደርቃል። ጓንት አድርጊ፣ መስኮት ክፈቺ። ህትመቱን ቀድመሽ በስቱኮ ሸፍነሽ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሺው፤ አለዚያ የፕሪንተሩ መስመር እያንዳንዱ ጄሶ ላይ ይወጣል። በስሱ ቫዝሊን ቀቢው። የጉንጩን ድልድይ ሥር በሸክላ አፈር ድፈኚ።

ደግሞ ለ58 ልጅ 58 ለምን? ለአምስት አምስት ልጅ አንድ ብታደርጊ 12 ይበቃሻል።

ራጅ_ክፍል
ሚያዝያ 26፣ ማታ 2፡00

ለሁለት መሰንጠቁ ጥሩ ነው፤ ግን ተጠንቀቁ። የተሰነጠቀው ጠፍጣፋ ገጽ የቅሉ ውስጥ አይደለም። ካሜራ ውስጡን አላየውም። ልጆቹ ግማሹን ገልብጠው "በግ አንጎል የለውም፣ ድፍን ነው" እንዳይሉ።

ቀበና_ባዮ
ግንቦት 9፣ ማታ 3፡15

ይቅርታ፣ ቆየሁ። የፈተና ጊዜ ነው።

መጀመሪያ ያነሳሁት አልሆነም። ዝናብ ስለነበር ቤት ውስጥ አነሳሁ። እኔ መዞሪያ ቦታ ስላልነበረኝ በርጩማውን አዞርኩት። ከኋላ አበባ ያለበት መጋረጃ ነበር። ሶፍትዌሩ መጋረጃው እንዳልተንቀሳቀሰ አይቶ ግራ ገባው። ቅሉ ሁለት አፍንጫ ይዞ ወጣ። የአምስት ኪሎው ልጃችን አንድ ምሽት ሙሉ ሊያስተካክለው ሞክሮ በመጨረሻ "መምህርት፣ እንደገና እናንሳው" አለኝ።

ሁለተኛውን ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ግቢያችን ውስጥ አነሳን። ሰማዩ ደምኖ ነበር፤ ጥላ የሚባል የለም። ጥርሱን ፓውደር ነካነው። 168 ፎቶ። እኔ ጎንበስ ብዬ ስዞር እናቴ ጃንጥላ ይዛ ዝናብ እንዳይመጣ ትጠብቅ ነበር።

ውጤቱን ሳይ አለቀስኩ ብል አልዋሽም። የመንጋጋው ጥርሶች ላይ ያሉት ግማሽ ጨረቃ የሚመስሉ ጉብታዎች እንኳ ወጥተዋል። በጉ ሣሩን የሚፈጭባቸው እነሱ ናቸው። ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ሥያቸዋለሁ።

መጠኑ ግን የለም። ኮምፒውተሩ "ርዝመቱ 3.7" ይላል። 3.7 ምን? ዋናውን በካሊፐር ለካነው፤ 21.4 ሴንቲ ሜትር ነው። በዚያ አባዝተን አስተካከልን። ላንቃው ላይ ካሜራ ያልደረሰበት ቀዳዳ ነበር፤ ሶፍትዌሩ ዝም ብሎ ደፈነው። የት እንደተደፈነ ጽፌ ይዣለሁ።

ህትመቱን አንድ ቤት ሰጠን። ሙሉውን በአንድ ጊዜ ልናትም ብለው በ14ኛው ሰዓት መብራት ሄደ። ሥራው እዚያው ቀረ። ወመህ የሰጠን ገንዘብ ሩብ ያህሉ በዚያ ሄደ። ከዚያ በኋላ ነው የጄሶ_እጅን ምክር የሰማነው፤ ግማሽ ግማሹን፣ በአጭር በአጭሩ። አንድ ግማሽ በሌሊት ያልቃል። መንጋጋው ለብቻው።

አናጢው_ፒያሳ
ግንቦት 9፣ ማታ 4፡10

አይዞሽ። ጋሼ የጠየቁትን እጥፉን ለእኔ ተዪው። የሁለቱንም መንጋጋ የፊቱን ክፍል ብቻ ላኪልኝ። እጥፍ ሲሆን አጥንቱ ያድጋል፤ የኤምዲኤፉ ደረጃ ግን ያው 3 ሚሊ ነው። ከዚያ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ደረጃውን አጠፋዋለሁ። ገንዘብ አልቀበልም። ኤምዲኤፉ ከሥራ የተረፈ ነው።

ጄሶ_እጅ
ግንቦት 10፣ ጠዋት 2፡30

እኔም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነፃ ነኝ። ጄሶ ይዤ እመጣለሁ። ባልዲና ንጹህ ውኃ አዘጋጂ። ጄሶውን ውኃው ላይ በትኚ እንጂ ውኃውን ጄሶው ላይ አታፍሺ።

ቀበና_ባዮ
ግንቦት 24፣ ማታ 1፡45

12ቱም አለቁ! ሦስት እሑድ ፈጀ።

የመጀመሪያው ላይ ጥርሶቹ መሐል አየር ገብቶ ጉድጓድ ጉድጓድ ሆነ። ጄሶ_እጅ አሳየኝ። መጀመሪያ ቀጭን ጄሶ በብሩሽ ጥርሶቹ ውስጥ መቀባት፣ ከዚያ ሌላውን ከአንድ ጥግ በቀስታ ማፍሰስ፣ ከዚያ ጠረጴዛውን በመዳፍ ከሥሩ መምታት። አረፋው እየወጣ ይፈነዳል። ጄሶው ሲጠጥር ይሞቃል፤ ልጆቹ እጃቸውን አድርገው እንዲሰማቸው አደረግኩ። የኬሚስትሪ መምህሩ መጥቶ ለምን እንደሚሞቅ እዚያው ግቢ ውስጥ አስረዳቸው።

እጥፉ መንጋጋም ደርሶኛል። አናጢው፣ ደረጃው የት ሄደ? በጣቴ ፈልጌ አጣሁት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ቀበና_ባዮ
ሰኔ 2፣ ማታ 2፡20

ዛሬ ክፍል ገባን። እንዴት እንደነበር ልንገራችሁ።

አምስት አምስት ሆነው ተቀመጡ። እያንዳንዱ ቡድን አንድ ጄሶ ቅልና አንድ መንጋጋ አለው። የተሰነጠቀው ጠፍጣፋ ገጽ ላይ "ይህ ውስጡ አይደለም" ብዬ በስክሪፕቶ ጽፌያለሁ። ለውስጡ ራጅ_ክፍል እንዳሉት ሌላ ቅል በመጋዝ ሰንጥቄ ፊት ለፊት አስቀመጥኩ። ስፌቱን አላጋነንንም፤ ለእሱ ጊዜ አጣን። የሚቀጥለው ዓመት ይሆናል።

ለዓይነ ስውሩ ልጅ መጀመሪያ እጥፉን ሰጠሁት። ዝም ብሎ ብዙ ቆየ። ከታችኛው መንጋጋ ጀመረ። የፊት ጥርሶቹን አንድ በአንድ ቆጠረ፤ ስምንት። ከዚያ ወደ ላይኛው ሄደ። ጣቱ ከግራ ወደ ቀኝ ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ።

"መምህር፣ የላይኞቹ ወልቀዋል እንዴ? ወይስ ስትሠሩት ረስታችሁ ነው?"

ክፍሉ ፀጥ አለ። ሌሎቹም ሁሉ የራሳቸውን ጄሶ ገልብጠው ማየት ጀመሩ። 57 የሚያዩ ልጆች እጃቸው ላይ ይዘውት ሩብ ሰዓት ሲያገላብጡት ማንም አላስተዋለም ነበር።

መልስ አልሰጠሁትም። ዋናውን ቅል እጁ ላይ አደረግኩለት። ጥርስ ኖሮ ቢወልቅ ጉድጓዱ እንደሚቀር አስቀድሜ አስተምሬያቸው ነበር። ጉድጓድ ፈለገ። አላገኘም። ላዩ ለስላሳ አጥንት ነው። "አልነበረውም" አለ። "ከመጀመሪያውም አልነበረውም።"

ያኔ ነው የነገርኳቸው። በግ ላይኛው መንጋጋው ላይ የፊት ጥርስ የለውም። እዚያ ቦታ ጠንካራ ድድ አለ፤ ሣሩን የታችኛው ጥርስ እዚያ ላይ አስደግፎ ይቆርጠዋል። 32 ጥርስ አለው፤ እንደ ሰው። አቀማመጡ ግን ሌላ ነው።

ከኋላ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። "አባቴ በግ ሲገዛ ከንፈሩን ገልጦ የታችኛውን ብቻ የሚያየው ለዚህ ነው?" አለች።

ዓይነ_ልቡና
ሰኔ 3፣ ጠዋት 2፡05

ልጄ፣ ይህን ስልኬ ሁለት ጊዜ አነበበልኝ። ሁለተኛውን እኔ ነኝ ያዘዝኩት። ልጁን ሰላም በይልኝ።

ሽሮሜዳ_12
ሰኔ 3፣ ቀን 6፡40

ፋይሉን ታካፍሉናላችሁ? እህቴ ደሴ ታስተምራለች።

ሦስት_ልኬት
ሰኔ 3፣ ማታ 3፡00

ከመምህርት ጋር ተነጋግረናል፤ ለማንም ነፃ ነው። ከፋይሉ ጋር አንድ ገጽ ጽሑፍ አለ፤ እባክህ ሳትለያይ ላክላት። የምታትመው ሰው የትኛው የበጉ እንደሆነ፣ የትኛው የእኛ እንደሆነ ይወቅ። እንዲህ ይላል፦

የበግ የራስ ቅል፣ አዲስ አበባ፣ ከ168 ፎቶ የተሠራ። ርዝመቱ በካሊፐር 21.4 ሴንቲ ሜትር። ላንቃው ላይ ያለው ቀዳዳ በሶፍትዌር የተደፈነ ነው። ከታችኛው የፊት ጥርሶች ሁለቱ ወልቀው በኮላ የተመለሱ ናቸው፤ ትንሽ አጋድለዋል። በሁለት የተሰነጠቀው ለህትመት እንዲመች ነው፤ ውስጡ አልተነሳም። ለጄሶ የሚሆነው ፋይል ላይ የጉንጩ ድልድይ ሥር ተደፍኗል፤ በዋናው ላይ ክፍት ነው፣ ጣት ያሳልፋል።